ስሙ እስኪፈቀድ ድረስ

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ከሐርላ መንደር አሁን ወደ ድሬዳዋ ገባን። ገላዬን ታጥቤ፣ ሻይ ጠጥቼም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ሃዎ የምትባል ሴት ናት። ልጇን አሚራን በትኩሳት አጥታ ገና ሳምንቷ ነው። አሚራ ካገባች ዓመት አልሞላትም ነበር። ትኩሳቱ ለቀቃት ብለው ሲደሰቱ ድዷ መድማት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አልቆየችም። እኛ ደግሞ ሁለት የወረርሽኝ ምርመራ ሠልጣኞች፣ እኔና አለምብርሃን፣ መጠይቅና የደም መቅጃ ይዘን ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆምን። ኦሮምኛ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ከመታመሟ በፊት ወዴት ሄዳ ነበር? ውኃ በምን ታጠራቅማላችሁ? አጎበር አላችሁ? ሃዎ ጥቂቱን መለሰችልኝና አቋረጠችኝ።

"ባለፈው ዓመትም መጥታችሁ ነበር" አለች። "እንዳንቺ ያለች ልጅ፣ እንደዚህ ያለ ወረቀት ይዛ። ደማችንን ቀድታችሁ ሄዳችሁ። ያ ደም ምን ሆነ?"

አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሠልጣኞች ጥናታቸውን አቅርበው፣ ተመርቀው ሄደዋል። አንዷ ናይሮቢ ትሠራለች፤ ሌላው የት እንደገባ እንጃ። ጥናቱ ተጠርዞ ማዕከላችን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። ሐርላ ይዞት የሄደ ሰው ግን የለም። አንድም! ያንን ሁሉ በር አንኳኩተው፣ ያንን ሁሉ ክንድ ወግተው፣ ለመልስ አንድ ቀን አጡ።

"የዚህን ውጤት እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ" አልኳት። "ወላሂ።"

ሃዎ ትንሽ አየችኝና እጅጌዋን ሰበሰበች። እሷ ስትሰጥ ጎረቤቶቿም ሰጡ።

መኪና ውስጥ አለምብርሃን ተቆጣኝ። መጀመሪያ ያቺን የምታክል ሴት "አንቺ" በማለቴ፤ እሱ በአንቱታ ያደገ የጎጃም ልጅ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባለው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው አልኩት። ቀጥሎ ግን የምሩን፣ "ያልተፈቀደልሽን ቃል ነው የገባሽው" አለኝ።

"ቃል ለመግባት ደግሞ ከማን ላስፈቅድ?"

"ከኃላፊያችን ከዶክተር ነዋ።"

አቦ! ሰው የራሱን ደም ምንነት ለማወቅ የዶክተር ፈቃድ ይጠብቅ?

መስከረም 21

ደሙ በበረዶ ታሽጎ በጠዋቱ አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አሚራ ሳትሞት ጤና ጣቢያ የተቀዳላትም አብሮ ሄዷል። ዶክተር መጀመሪያ የጠየቀን "ስንት ናሙና አገኛችሁ?" ብሎ ነው። ስንት ሰው ታመመ አላለም።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስብሰባ ነበር። የማሠልጠኛ ማዕከላችን ኃላፊ ዶክተር ሰይፈ ሚካኤል ሲደሰት ድምፁ ይቀጥናል፤ ዛሬ ቀጥኖ ነበር። ኅዳር ላይ ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ። በየአገሩ ወረርሽኝ የሚመረምር ሰው ይሠልጥን ብለው ገንዘብና ጉልበት የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። በሽታ ድንበር ስለማያውቅ መርማሪውም በየድንበሩ መኖር አለበት ይላሉ። ይሄን እኔም አምንበታለሁ። ነርስነቴን ትቼ እዚህ ሥልጠና የገባሁት ስለማምንበት ነው። የድሬዳዋው ማዕከል ለሌላው አገር ማሳያ እንዲሆን ተመርጧል። የሐርላውን ጥናት በእንግዶቹ ፊት የሚያቀርበው ሰው ከዓለም አቀፉ ቡድን ጋር ለስድስት ወር ይላካል።

"ፊርዶስ ታቀርባለች" አለ ዶክተር ወደ እኔ እየጠቆመ።

አልዋሽም፤ ልቤ ዘለለ። ለባለቤቴ ለሳላሀዲን ደውዬ ስነግረው፣ ማታ የስልክ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ከዚያው ከታይዋን ገበያ ትልቅ ሻንጣ ይዞ መጣ። "ገና ሳልሄድ?" ብለው፣ "ዋጋው ሳይጨምር ብዬ ነው" አለ። እህቱ ፋርሒያ ሻንጣው ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች፣ "እኔንም ውሰጂኝ" እያለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ውላ የምትመጣ ልጅ ናት፤ ግን ቤት ስትገባ ትንሽ ልጅ ትሆናለች። እናታቸው ስትሞት ያሳደጋት ሳላሀዲን ነው። አባትም እናትም ሆኖ።

ደስታዬን ያበላሸው የማቅረቢያው የመጀመሪያ ገጽ ነው። የሃዎ ፎቶ አለበት። ክንዷ ታስሮ፣ መርፌው ገብቶ፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ። ከሥሩ "የማኅበረሰብ ተሳትፎ" ተብሎ ተጽፏል። ልጇን የቀበረች ሴት! ማን ነው ያነሳት? አለምብርሃን አንገቱን ደፋ። "ዶክተር ፎቶ ያስፈልጋል ብሎ ነው" አለኝ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ትኩሳቱ ከተማ ገብቷል። ወደ ከዚራ ሰፈር እየሄድን ባጃጅ ነጂው ጥርሱ እየተንገጫገጨ መሪውን መያዝ አቃተው፤ ወርደን ሌላ ያዝን። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካለው መድኃኒት ቤት በር ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ለሕመም ማስታገሻ መርፌ።

"ቺኩንጉንያው ተመልሷል፣ አቦ!" አለኝ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። "ያኔም ዲክሎፌናክ ነው ያቆመን።"

እውነቱን ነው። ከዓመታት በፊት ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያጎብጠው መገጣጠሚያው የታሰረ ሰው በዚያ መርፌ ነበር ተነስቶ የሚሄደው። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ትኩሳትና ቁርጥማት ሲያይ ሌላ አያስብም። ግን ይሄ ዴንጊ ቢሆንስ? ትንኟ አንድ ናት፣ ትኩሳቱ አንድ ይመስላል፤ መርፌው ግን አንዱን ያስታግሳል፣ የሌላውን መድማት ያብሳል። የአሚራ ድድ ከሐሳቤ አይጠፋም።

"እርግጠኛ እስክንሆን ድረስ መርፌውን ተወው፤ ፓራሲታሞል ብቻ ስጣቸው" አልኩት።

"እርግጠኛ ስትሆኑ ንገሪኝ፣ እተዋለሁ" አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዴንጊ ነው።

ውጤቱ ከሰዓት መጣ። ከአዲስ አበባ የላኩት ሰዎች ሥራቸውን በሰዓቱ ሠርተዋል፣ እድሜ ይስጣቸው። የሐርላው አብዛኛው ዴንጊ፤ የአሚራም ዴንጊ። ዶክተር እኔንና አለምብርሃንን ጠራንና በሩን ዘጋ።

"ዛሬውኑ ለመድኃኒት ቤቶቹ እንንገር" አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

"ቀስ በይ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ጠይቄያለሁ። ስሙ ሳይፈቀድ ከእኛ አፍ አይወጣም።"

"የሚፈቅደው ማነው?"

"ማዕከሉ ለሚመለከታቸው ይጽፋል፤ እነሱ ይገልጻሉ።"

"መቼ ይጻፋል?"

ብዕሩን ከፍቶ ዘጋው። "እንግዶቹ ሲመጡ ከነሙሉ ጥናቱ ቢወጣ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለ።"

የማን ሐሳብ? አልነገረኝም። ሰው እየደማ ጥናቱ ልብስ ይለብስ!

ዶክተር ግን የሚያምንበትን ነው የሚናገረው፤ ይሄ ነው የሚያናድደው። "አንድ ቦታ እንዲህ ያለ ሠልጣኝ ውጤቱን ለሬዲዮ ተናገረ" አለን። "በማግስቱ መርማሪ የሚባል ሰው ቀበሌ እንዳይገባ ተከለከለ። ሥልጠናው በአንድ አፍ ተዘጋ። አንቺ የአንድ ሰፈር ነገር ይታይሻል፤ እኔ የማየው ገና የሚመጣውን ነው። አመኔታ ካጣን የሚቀጥለውን ወረርሽኝ ማን ይመረምራል?"

አለምብርሃን ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። መልሱ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፦ የሚቀጥለውን ለመመርመር ብለን የዚህን ካልተናገርን መርማሪነታችን ለማን ነው? ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ ነው? በመቶ የሚቆጠር ሰው አሠልጥኖ አፉን መስፋት!

ለስድስት ወሩ ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። ሥርዓት ስለሆነ ነው። ኋላ ማንም ሌላ እንዳይለኝ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጥድፊያ። ገበታዎቹ እንደገና ይሠሩ ተባለ፤ ቀለማቸው አልተወደደም።

ሳላሀዲን ቁርስ ላይ፣ "አጠገቤ ያለው ባለሱቅ ታሞ ቀረ። ምንድን ነው ይሄ ነገር? እናንተም አላወቃችሁትም?" አለኝ።

"እየተጣራ ነው" አልኩት። ረፍዶብኝ ነበር።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ፋርሒያ ትኩሳት ያዛት። ዓይኔ ከኋላው ይወጋኛል ትላለች። ፓራሲታሞል ሰጠኋት፣ ውኃ ከአጠገቧ አስቀመጥኩ፣ ከሥራ ቀርታ እንድትተኛ ነገርኳት። ለሳላሀዲን ብዙ አላብራራሁም። የአቀራረብ ልምምድ ነበር፤ ዶክተር ከረፈደ በር ላይ ነው የሚያቆመን።

ይሄ ልምምድ የሚባል ነገር! ቀኑን ሙሉ "ድምፅሽን ዝቅ፣ እጅሽን ከኪስ፣ ገጹ ላይ ፈገግ በይ" ሲሉኝ ዋሉ። ስለ ሞት ስናገር የምን ፈገግታ ነው?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ከሆስፒታል ነው የምጽፈው።

ስገባ ፋርሒያ ሽንት ቤት በር ላይ ተቀምጣለች። ያስመለሳት ነገር ቡና ይመስላል። ድዷ ላይ ደም አለ። ክንዷን ሳየው የተለጠፈ ጥጥ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቁርጥማቱ አላስቻላት አለ" አለ ሳላሀዲን። "መርፌ አስወጋኋት። ትናንት አንድ፣ ዛሬ አንድ።"

ጮህኩበት። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሰው ሳይጠይቅ መርፌ ያስወጋል? የመድኃኒት ቤት ሰውዬ ሐኪም ነው? ሚስትህ ምን እንደምትሠራ አታውቅም? "እህትህን በእጅህ ልትገድላት ነው!" አልኩት።

"ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም" አለ። "ታለቅስ ነበር።"

ስልኬ ለልምምዱ ተዘግቶ ነበር። ዶክተር ያዘጋናል። ይሄም የእሱ ነው እንግዲህ።

ሳላሀዲን ፋርሒያን አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባት። መንገዱን በሙሉ እጁን ከግንባሯ አላነሳም። የጮህኩትን አልመልስም፤ ትክክል ነበርኩ። ዲክሎፌናክ ለዴንጊ አይሰጥም። አይሰጥም!

ጥቅምት 13

ሆስፒታል። ደም የሚያረጋው ሴል በጣም ወርዷል። ግሉኮስ። ሆዷን ያማታል። ሐኪሙ ትኩሳቱ ሲለቅ ነው ክፉው ጊዜ አለ። አውቃለሁ። እኔ ነኝ ለሌላው የማስተምረው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የሴሉ ቁጥር አሁንም ወርዷል። ሳላሀዲን ሱቁን አልከፈተም። ኮሪደሩ ላይ ይሰግዳል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይሰግዳል። አጠገቡ ስቀመጥ ጠጋ ይልልኛል።

አለምብርሃን ብርቱካን ይዞ መጣ። ዶክተር "በርቺ፣ ልምምዱን ለሁለት ቀን እናሸጋግርልሻለን" ብሏል አለኝ። ሁለት ቀን! ቸርነቱ!

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አልሐምዱሊላህ። ከትናንት ጀምሮ ቁጥሯ ወደ ላይ መውጣት ይዟል። ዛሬ ሾርባ ጠጣች፣ የነርሷን ጫማ አማች። ሳላሀዲን ያን ጊዜ ነው ወጥቶ ያለቀሰው።

ከሆስፒታል በቀጥታ ማዕከሉ ሄድኩ። ዶክተር ገና "እንዴት ናት?" ብሎ ሳይጨርስ፣ "ደብዳቤው ተጽፏል?" አልኩት።

"ሁለተኛው ማረጋገጫ ዛሬ ነገ ይደርሳል።"

"አንተ እስኪደርስህ ሰው እየተወጋ ነው።" "አንተ" አፌ ላይ መጣ፤ አልመለስኩትም። "ባቡር ጣቢያው ጋ ያለው ሰልፍ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ለዲክሎፌናክ ነው። እኛ ነን ያሰለፍናቸው። በዝምታችን።"

"ፊርዶስ፣ ደክሞሻል። ቤትሽ ያጋጠመሽ ነገር ከባድ ነው።"

"ቤቴን ተወው!"

"ይሄን በር ወጥተሽ ብትናገሪ እኔ ላድንሽ አልችልም። የሁለት ዓመት ልፋትሽ ነው።"

ወጣሁ። ባቡር ጣቢያው ጋ ካለው ጀመርኩ፤ ከዚያ ከዚራ፣ ከዚያ ታይዋን ዙሪያ ያሉትን። ዴንጊ ነው፣ ተረጋግጧል፣ መርፌውን አቁሙ፣ ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ብቻ፣ የሚደማና ሆዱን የሚያመው ካለ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። የመጀመሪያው ሰውዬ አምፑሎቹን ከመደርደሪያው አወረደ። "መቼ ነው ያወቃችሁት?" አለኝ። ጥቅምት በስድስት አልኩት። እያየኝ ካርቶኑን ዘጋው። የተሰለፈውን ሰው ራሱ ወጥቶ በሶማሊኛም በኦሮምኛም በተነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ማዕከሉ መኪና አይሰጠኝም፤ በሕዝብ ማመላለሻ ሐርላ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወዲያ በእግሬ።

ሃዎ ፍየሎች ወደ በረት እያስገባች ነበር። ስታየኝ እጄን ነው ያየችው፤ መጠይቅ የያዝኩ መስሏት።

"ውጤቱን ይዤልሽ መጣሁ" አልኩ። ስሙን ነገርኳት፤ ትንኟ እንዴት እንደምታመጣው፣ አሚራን የገደላት እሱ እንደሆነ። መርፌው መጥፎ እንደሆነም። አሚራ ተወግታ እንደነበር አልጠየቅኩም። እሷ ነገረችኝ። ሁለቴ ተወግታለች።

የበረቱን በር ዘጋች።

"መቼ አወቃችሁ? ካለፈው የገበያ ቀን በፊት ነው በኋላ?"

"በፊት።"

"የኢብራሂም ልጅ የታመመው ከገበያው በኋላ ነው" አለች፤ ወደ ቀጣዩ ግቢ በአገጯ እየጠቆመች። "ትናንት ቀበርነው።"

ምን ይባላል? አንድ ነገር ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ማዕከሉ፣ ፈቃዱ፣ ሁለተኛው ማረጋገጫ። በኦሮምኛ ልለው ስሞክር አስቀያሚ ሆነብኝ።

"እኔ ለሰው አልነግርልሽም" አለች ሃዎ። "ራስሽ ንገሪያቸው። ቀኑንም ጭምር።"

ሰው ጠራች። ሴቶቹ ቆመው፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ነገርኳቸው፤ ቀኑንም ጭምር። ኢብራሂም ከኋላ ቆሞ ነበር። ስጨርስ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ማንም አልተከተለውም። ከዚያ ሴቶቹ መጠየቅ ጀመሩ። በርሜሉን እንዝጋ ወይስ እንድፋ? ውኃ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ደፍተን ምን እንጠጣ? እርጉዝ ብትታመምስ? እኛ መጠይቅ ስንሠራ ከእነዚህ አንዱም አልታሰበንም። የማውቀውን መለስኩ፤ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልለቀቁኝም።

ሃዎ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። አላመሰገነችኝም። መኪናው ሲመጣ ለሾፌሩ፣ "ቤቷ ድረስ አድርሳት" አለችው።

ዶክተር ሰይፈ ሚካኤል ይሄን ልጅ መጥቶ በቀበረው ነበር። እሱ ነው መምጣት የነበረበት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ዶክተር በእረፍት ቀኑ ደወለ። ሥነ ምግባር ጥሰሻል፣ ጉዳይሽ በኮሚቴ እስኪታይ ከሥልጠናው ታግደሻል፤ አቀራረቡን አለምብርሃን ይይዘዋል። በሚያሳዝን ድምፅ ነው የነገረኝ፣ እንደ አባት። እሰድበው ዘንድ እንኳ አልተመቸኝም።

የሚገርመው መግለጫው ትናንት ወጣ! ማረጋገጫው ደርሶ፣ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ሬዲዮው ሲያወራ ዋለ። እንዴት ድንገት ቻላችሁ? ወሬው ከተማ ውስጥ ከገባ በኋላ መደበቁ ስለማያዋጣ ነው እንጂ!

ፋርሒያ ቤት ገብታለች። ከስታለች ግን ትበላለች። ሳላሀዲን መግለጫውን ቆሞ ሰማና ሬዲዮውን አጠፋው። ሰሞኑን እንዲህ ነው። የሚያናግረኝ የግድ ሲሆንበት ብቻ ነው፤ ዓይኔን ፈርቶ። ድካም ይሆናል።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

እንግዶቹ ዛሬ ነበሩ። እኔ ቤት ተቀምጬ ምስር ለቀምኩ።

ማታ አለምብርሃን ደወለ። "የሃዎን ፎቶ ከገጹ አወጣሁት" አለኝ መጀመሪያ። ደግ አደረግህ አልኩት። አቀራረቡ ተወዷል። እሱ ጥር ላይ ይሄዳል። ከእንግዶቹ አንዷ እጇን አውጥታ፣ "ውጤቱ ለሕዝቡ መቼ ተነገረ?" ብላ ጠየቀች አለኝ።

"ምን አላችሁ?"

"ዶክተር መለሰ። ወዲያውኑ አለ።"

"አንተስ?"

"ምን ልበል ፊርዶስ? ዝም አልኩ።"

ስልኩን ዘጋሁበት። ዝም አለ! እውነቱን እያወቀ፣ ቀኑን እያወቀ፣ ሰው ዝም ብሎ እንዴት ይቆማል? ለስድስት ወር ጉዞ? ይሄ ነው ለዓለም የምናበረክተው መርማሪ? ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ጨመርኩ፤ እንደዚያው ተበላ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ፋርሒያ ሥራ ከተመለሰች የመጀመሪያ ሳምንቷ ነው። ዛሬ ሳላሀዲን ሳይመጣ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት የምከትፍበት አጠገብ ቆመች።

"አብራኝ የምትሰፋ ልጅ አለች" አለች። "አባቷ ባቡር ጣቢያው ጋ መድኃኒት ቤት አለው። አንዲት የጤና ሴትዮ መጥታ ውጤቱ ጥቅምት በስድስት ነው የመጣው አለችን ብሎ ሲያወራ ሰምታ ነገረችኝ። ልጅቷ ሴትዮዋ አንቺ መሆንሽን አላወቀችም።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

"እኔ የታመምኩት በአሥር ነው" አለች።

"ፋርሒያ፣ ማዕከሉ እኮ..."

"እኔ አልተቀየምኩሽም። ሙች። ድኛለሁ።" ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። "ግን ያን ቀን ሽንት ቤቱ በር ላይ ሆኜ ስትጮኺበት እሰማ ነበር። በእጅህ ልትገድላት ነው ስትይው። እሱ አሁንም ሌሊት ይነሳና እተነፍስ እንደሆነ አፍንጫዬ ላይ እጁን ያደርጋል። የተኛሁ እመስለዋለሁ። ትናንት፣ እናቴ አደራ ብላ ሰጥታኝ እኔ በመርፌ ልገድልሽ ነበር አለኝ። ፊርዶስ፣ ለሐርላ ሰዎች ተናግረሻል፣ ለመድኃኒት ቤቱ ተናግረሻል። ለሱ ለምን አልነገርሽውም?"

የዶክተርን ስም ልጠራ ነበር። አልጠራሁም። ማታ ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ጥቅምት በሰባት ሳላሀዲን ቁርስ ላይ ጠይቆኛል። እየተጣራ ነው ብዬዋለሁ። ረፍዶብኝ ነበር ብያለሁ።

አልረፈደብኝም ነበር።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቤት እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ከቤት ከሆነ ሌላ ነገር አምጥቼ እንደምሸፍነው አውቃለሁ።

ታይዋን ቅዳሜ መቆሚያ የለም። ሳላሀዲን ለአንድ ልጅ የስልክ መስታወት እየለጠፈ ነበር። "ምን ሆንሽ? ፋርሒያ ደህና ናት?" አለ ገና ሲያየኝ፤ ፊቱ ነጣ።

"ደህና ናት። ሥራ ላይ ናት።" ከዚያ ሳልቀመጥ፣ ደንበኛው እየሰማ ነገርኩት። ውጤቱ በስድስት እንደመጣ። በማግስቱ ሲጠይቀኝ ዴንጊ መሆኑን እንደማውቅ። መርፌው ክፉ መሆኑን እንደማውቅ። ፋርሒያ ስትታመም ከቤት የወጣሁት አውቄ እንደሆነ። አቀራረቡን፣ ጉዞውን ፈልጌ እንደነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብነግረው መርፌ እንደማያስወጋት። እሱ ላይ የጮህኩት ይሄን ሁሉ እያወቅኩ እንደሆነ።

የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ቢጮህ ደስ ባለኝ።

የልጁን ስልክ ቀስ ብሎ የመደርደሪያው መስታወት ላይ አስቀመጠው። ካርቶን ላይ ቁጭ አለ፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

"እንግዲያው እኔ አይደለሁም?" አለ።

"አይደለህም" አልኩት። ከጎረቤት ሱቅ የሚመጣው ዘፈን ያደነቁር ስለነበር ጎንበስ ብዬ እንደገና ነገርኩት። "አይደለህም፣ ሳላሀዲን። አንተ አይደለህም።"